ማሽኑ ምን በደለ?

«ከአራት ወር በፊት ባለቤቴ ለልደቴ አነስተኛ የኤስፕሬሶ ማሽን ገዛልኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ እስከ ዛሬ ግን አንድ ቀን እንኳ ካፌ ውስጥ እንደምጠጣው ያለ ቡና አልወጣልኝም። ቡናውን የምፈጨው ቀድሞ በነበረን ባለ ስለት የኤሌክትሪክ መፍጫ ነው። ውሃው በዘጠኝ ወይም በአሥር ሰከንድ ሽው ብሎ ይወርዳል። የሚወጣው ቀጭንና ነጣ ያለ ነው፤ መጀመሪያ ይጎመዝዛል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ይመራል። ረዘም አድርጌ ስፈጨው አንዳንድ ቀን ጨርሶ አልወርድ ይላል። ባለቤቴ ‹ማሽኑ ደካማ ነው፤ መልሰን፣ ጨምረን ትልቅ እንግዛ› ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ ጥፋቱ የመፍጫው ነው ትላለች። አንድ የኤሌክትሪክ መፍጫ አይቻለሁ፤ ከ40 በላይ የአፈጫጨት ደረጃ እንዳለው ተጽፎበታል፣ ዋጋውም ደህና ነው። በእጅ የሚዞሩ መፍጫዎችም አየሁ፤ አንዳንዶቹ ከኤሌክትሪኩ መወደዳቸው ገረመኝ። የምንሠራው በቀን ሁለት ስኒ ብቻ ነው፤ እርሱም በማለዳ፣ የስምንት ወር ልጃችን ከኩሽናው አጠገብ ባለው ክፍል ተኝታ ሳለች። ለመፍጫ ላወጣ የምችለው የማሽኑን ዋጋ ግማሽ ያህል ነው። ምን ልግዛ? አሮጌውንስ መፍጫ ምን ላድርገው?»

የማለዳ ሰው ነኝ

ውድ የማለዳ ሰው፤

ማሽኑን አይመልሱት። ጓደኛዎ ልክ ናቸው፤ ጥፋቱ የመፍጫው ነው።

ይህን በሩቅ ሆኜ በድፍረት የምናገረው ራስዎ የጻፉት ነገር ስለመሰከረልኝ ነው። በዚያው ማሽን አንድ ቀን በዘጠኝ ሰከንድ ሽው ይላል፤ ሌላ ቀን ደግሞ አልወርድ ይላል። ማሽኑ ግፊት ያነሰው ቢሆን ኖሮ ድካሙ በየቀኑ አንድ ዓይነት በሆነ ነበር። ሁለቱንም ጫፍ የሚያሳይ ማሽን ግን ከፊቱ የሚቀመጥለት ቡና ነው የሚለዋወጥበት።

የኤስፕሬሶ ማሽን ሥራው ቀላል ነው። ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሞቀ ውሃ ወስዶ በ9 ባር ግፊት፣ ማለትም ከአየር ግፊት ዘጠኝ እጥፍ በሚጠጋ ኃይል፣ በተጠቀጠቀ ቡና ውስጥ ይገፋዋል። ያንን ውሃ የሚይዘው፣ «ቆይ፣ ቀስ በል» የሚለው ማሽኑ አይደለም፤ ቡናው ራሱ ነው። ቡናው በላመ መጠን በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይጠብባል፣ ውሃውም ይዘገያል። ግርድፍ ከሆነ ደግሞ ውሃው ክፍት በር አግኝቶ ያልፋል። ብዙ ሰው መነሻ የሚያደርገው ልክ ይህ ነው፦ 18 ግራም ቡና ገብቶ፣ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ 36 ግራም ያህል ኤስፕሬሶ ይወጣል። ቡናው የሚቀመጥበት የብረት ማጣሪያዎ አነስተኛ ከሆነና 14 ወይም 16 ግራም ብቻ የሚይዝ ከሆነ በዚያው ልክ የሚወጣውን እጥፍ ያድርጉት። ሰከንዱ አይለወጥም።

በወረቀት ማጣሪያ ቡና ለሚሠራ ሰው ይህ ሁሉ ጭንቀት የለበትም። እዚያ ውሃው የሚወርደው በገዛ ክብደቱ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ከቡናው ጋር ይቆያል፤ አፈጫጨቱ ትንሽ ቢሳሳት ጊዜው ይቅር ይላል። ኤስፕሬሶም ቢሆን ሁልጊዜ እንዲህ ጥብቅ አልነበረም። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ቤዜራ እ.ኤ.አ. በ1901 ሚላን ላይ ያስመዘገበው ማሽን የሚሠራው በእንፋሎት ግፊት ነበር፤ ግፊቱም ከዛሬው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሌላው ጣሊያናዊ የአኪሌ ጋጃ ባለ ማንሻ ማሽን ሲመጣ ነው ውሃው በከፍተኛ ግፊት መገፋት የጀመረው፤ ክሬማ የምንለው ወርቃማ አረፋም አብሮት ነው የመጣው። ግፊቱ ሲጨምር የመፍጫው ኃላፊነትም አብሮ ከበደ። ዛሬ እርስዎ ኩሽና ውስጥ የገጠመዎት የዚያ ውጤት ነው።

አሁን የእርስዎ መፍጫ የሚያደርገውን እንይ። ስለቱ አይፈጭም፤ ይቆራርጣል። ፍሬው ስለቱ ስንት ጊዜ እንደሚመታው የሚወስነው ዕድሉ ነው። አንዱ ፍሬ ሃያ ጊዜ ተመትቶ ብናኝ ሲሆን ጎረቤቱ ሁለት ጊዜ ብቻ ተመትቶ ግርድፍ እንደሆነ ይቀራል። አንድ ማንኪያ ወስደው ነጭ ወረቀት ላይ ይበትኑትና በጣትዎ ዳበስ ያድርጉት፤ እንደ ዱቄት የሚለሰልሰውና እንደ አሸዋ የሚኮሰኩሰው አንድ ላይ ተደባልቆ ያገኙታል። ውሃ ደግሞ ምንጊዜም የሚሄደው በቀለለው መንገድ ነው። ግርድፉን ሳያብቃቃ ጥሎት ያልፋል፤ መጎምዘዙ ከዚያ ነው። ብናኙን ግን ያለውን ሁሉ ጨርሶ ያወጣበታል፤ መምረሩ ከዚያ ነው። በአንድ ስኒ ውስጥ ሁለቱንም የቀመሱት ምላስዎ ስለተሳሳተ አይደለም። ረዘም አድርገው ሲፈጩት ደግሞ ብናኙ ይበዛና መንገዱን ሁሉ ይደፍነዋል።

ባለ ጥርስ መፍጫ አሠራሩ ሌላ ነው። ፊት ለፊት የተገጣጠሙ ሁለት ባለ ጥርስ ብረቶች አሉ፤ አንዱ ይዞራል፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል፣ በመካከላቸው የተለካ ክፍተት አለ። ፍሬው በዚያ ክፍተት ለማለፍ እስኪበቃ ድረስ መውጫ የለውም። ብናኝ ከእርሱም አይጠፋም፤ ከየትኛውም መፍጫ አይጠፋም፤ ኤስፕሬሶም ውሃውን ለመያዝ ጥቂት ብናኝ ይፈልጋል። ልዩነቱ ትናንት የነበረው ልክ ዛሬም መኖሩ ነው።

ባለቤትዎ በዚህ ካልተስማሙ ገንዘብ ሳያወጡ የሚፈተንበት መንገድ አለ። የምትጠቀሙበትን ቡና ይዛችሁ ኤስፕሬሶ ወደሚሠራ ካፌ ሂዱና መቶ ግራም ያህል በእነርሱ መፍጫ እንዲፈጩላችሁ ጠይቁ። እዚያው ቀን፣ ቢቻል በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በራሳችሁ ማሽን ሞክሩት። ልኩ በትክክል ላይገጥም ይችላል፤ ነገር ግን ዘጠኝ ሰከንድ የነበረው ሃያም ሠላሳም ሆኖ፣ ቀለሙ ጠቁሮና ወፍሮ ሲወርድ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ትልቅ ማሽን ገዝታችሁ በዚያው ባለ ስለት መፍጫ ብትቀጥሉ ግን የምታገኙት ያንኑ ውሃ የመሰለ ቡና ነው፤ በበለጠ ወጪ።

ከሙከራው በፊት አንድ ነገር ይመልከቱልኝ። ቡናው የሚቀመጥበትን የብረት ማጣሪያ ከእጀታው ያውጡና ገልብጠው ወደ ብርሃን ይያዙት። ከውስጥ ብዙ ቀዳዳ ኖሮት ከታች በኩል አንዲት የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ካለችው ድርብ ግድግዳ ያለው ማጣሪያ ነው። እርሱ ግፊቱን የሚፈጥረው በዚያች ቀዳዳ እንጂ በቡናው አይደለም፤ አረፋውም ከዚያ የሚመጣ የይስሙላ አረፋ ነው። ለጀማሪዎች ታስቦ የተሠራ ስለሆነ የመፍጫን ስህተት ይሸፍናል፤ የጥሩ መፍጫን ጥቅምም እንዲሁ ይሸፍናል። የእርስዎ ሽው ብሎ ስለሚወርድ ባለ አንድ ግድግዳው ይመስለኛል፤ ካልሆነ ግን ለማሽንዎ ልክ የሚሆን ባለ አንድ ግድግዳ ማጣሪያ ሳያገኙ መፍጫ አይግዙ። ስፋቱን በማስመሪያ ይለኩ፤ 51፣ 54 እና 58 ሚሊ ሜትር በብዛት የሚገኙት ናቸው።

ወደ 40 ደረጃው ልምጣ። የደብዳቤዎ ዋና ጥያቄ እርሱ ባይሆንም ያስጨነቀኝ እርሱ ነው።

የደረጃ ብዛት ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። መጠየቅ ያለበት ከ40ው ውስጥ ስንቱ ለኤስፕሬሶ ይሆናል የሚለው ነው። ለሁሉም ዓይነት አፈላል ታስቦ በተሠራ መፍጫ ላይ ደረጃዎቹ ተዘርግተው የሚያልቁት ከግርድፉ እስከ ልሙ ባለው ረጅም መንገድ ላይ ነው፤ ኤስፕሬሶ የሚሠራበት ጠባብ ቦታ ላይ ሦስት ወይም አራት ብቻ ይወድቃሉ። እኔ በዚህ መንገድ አልፌአለሁ። ብዙ ደረጃ ያለውና ጥርሱም ደህና የሆነ የኤሌክትሪክ መፍጫ ገዝቼ ነበር። በ5 ስፈጭ 36 ግራሙ በ17 ሰከንድ ይወርዳል። ወደ 4 ሳወርደው አንዲት ጠብታ ከእጀታው ስር ለመታየት 50 ሰከንድ ትፈጃለች። በ4 እና በ5 መካከል ማረፊያ የለም፤ የምፈልገው ቡና ደግሞ በትክክል እዚያ መካከል ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ግማሽ ግራም እየጨመርኩ፣ ግማሽ ግራም እየቀነስኩ፣ አንዴ ጠንከር አንዴ ላላ አድርጌ እየጠቀጠቅኩ ያንን ክፍተት ለመሙላት ታገልኩ። መፍጫው አልተበላሸም ነበር። ለኤስፕሬሶ የሚሆን ርምጃ፣ ማለትም ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ጠበብ ያለ መሸጋገሪያ፣ አልነበረውም፤ እኔም ሳልጠይቅ ነው የገዛሁት።

ስለዚህ የሚገዙት ልሙን የመፍጨት ችሎታ አይደለም፤ ልሙን ብዙ መፍጫ ይፈጨዋል። የሚገዙት በጥቂቱ ማስተካከል መቻልንና ያስተካከሉት ልክ ሳይነቃነቅ መቆየቱን ነው። ሻጩን ሲያነጋግሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ይሁን፦ አንዱ ርምጃ ጥርሶቹን ስንት ማይክሮን ያቀራርባል? ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ለኤስፕሬሶ ከ20 በታች ቢሆን እመርጣለሁ፤ ወደ 10 ከቀረበ ደግሞ ያለ ጭንቀት ይኖራሉ። ርምጃ አልባ የሆኑም አሉ፤ ቁልፋቸው እንደ ራዲዮ ድምፅ መቆጣጠሪያ የፈለጉበት ላይ ይቆማል።

በእጅ የሚዞሩት ለምን እንደተወደዱ መልሱ እዚሁ ውስጥ ነው። የኤሌክትሪክ መፍጫ ዋጋ ለሞተር፣ ለመያዣ ሣጥኑ፣ ለሽቦና ለመቆጣጠሪያው ይከፋፈላል። የእጅ መፍጫ ሞተሩ የእርስዎ ክንድ ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡ የሚውለው ጥርሱ፣ ጥርሱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ዘንግና ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ላይ ነው። በእኩል ዋጋ የእጅ መፍጫ ከኤሌክትሪኩ የተሻለ ጥርስ ይዞ ይመጣል፤ በአነስተኛ ዋጋ ሲሆን ልዩነቱ ይጎላል።

ለእርስዎ ቤት የምመክረውም የእጅ መፍጫ ነው። ሁለት ስኒ ብቻ ነው የምትሠሩት፤ ሕፃኗ ተኝታለች፤ በጀቱም የተወሰነ ነው። ድምፁ ፍሬ ሲሰበር የሚሰማው ቅርሽም ቅርሽም ብቻ ነው፤ በበሩ በኩል አያልፍም። የማሽኑ ፓምፕ ከእርሱ ይልቅ ይጮኻል፤ ልጅዎ ደግሞ ያንን ለምዳዋለች። በስም ጥቀስልኝ ካሉ፣ የዋን ዜድ ፕሬሶ ጄ-አልትራ ለኤስፕሬሶ ታስቦ የተሠራ ነው፤ እያንዳንዷ ቀጭ የምትል ርምጃው 8 ማይክሮን ናት፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ ገደማ ማለት ነው። ኪንግራይንደር ኬ6 ርምጃው 16 ማይክሮን ነው፤ ዋጋውም ከፊተኛው ይቀንሳል። በጀቱ ከደረሰ የመጀመሪያውን፣ ካልደረሰ ሁለተኛውን ይውሰዱ፤ በኬ6 የሚሠራ ሰው ተበድሏል ብዬ አላዝንለትም። ኮማንዳንቴ ሲ40ን ሰዎች ሲያሞግሱት ይሰሙ ይሆናል፤ ለወረቀት ማጣሪያ ምስጋናው ይገባዋል፤ ርምጃው ግን 30 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ ለብቻው የሚሸጠው ባለ ቀጭን ርምጃ መለዋወጫ ካልተገጠመለት ለኤስፕሬሶ ይሰፋል።

ድካሙንም ልንገርዎት፤ ገዝተው እንዳይቆጩ። 18 ግራም ለኤስፕሬሶ አልሞ መፍጨት አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ጠቆር ብሎ የተቆላ ቡና ይቀላል፤ ነጣ ብሎ የተቆላው ግን ጠጣር ስለሆነ ክንድ ይፈትናል። ሲከብድዎ መፍጫውን ቀጥ አድርገው አይያዙት፤ ወደ ጎን ጋደል ያድርጉት። ፍሬው ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ጥርሱ ይገባል፣ እጀታውም ይቀላል። ሁለት ስኒ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው፤ ማሽኑ እስኪሞቅ የሚጠብቁት ጊዜ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። የእጅ አንጓ ሕመም ካለብዎ ግን፣ ወይም ባለቤትዎና እንግዶች ተጨምረው በቀን ስድስትና ሰባት ስኒ የሚሠራበት ቤት ከሆነ ምክሬ ይለወጣል።

ያኔ ኤሌክትሪክ ነው። የባራትዛ ኤንኮር ኢ ኤስ ፒ አርባ ደረጃ ነው ያለው፤ ከ1 እስከ 20 ያሉት ግን በጥቃቅን ርምጃ ለኤስፕሬሶ ብቻ የተመደቡ ናቸው። ያዩት መፍጫ እንዲህ ዓይነት ከሆነ ስለ 40 ደረጃው የተናገርኩትን እመልሳለሁ፤ ሻጩ በግልጽ ሊነግርዎ ይገባል። የዩሬካ ሚኞን መፍጫዎች ርምጃ አልባ ናቸው፤ የብዙዎቹ ሞዴሎች ጥርስ 50 ወይም 55 ሚሊ ሜትር ነው፤ አነስ ብለው ጠንካራ ናቸው። ኒሽ ዜሮና ዲ ኤፍ 64 ደግሞ ፍሬ ከአናታቸው ላይ አያጠራቅሙም፤ መዝነው የሰጧቸውን ያህል ብቻ ፈጭተው ያስረክባሉ። በቀን ሁለት ስኒ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትልልቆቹ መፍጫዎች በጉሮሯቸው ውስጥ ጥቂት ግራም ዱቄት ያስቀራሉ፤ ትናንት የቀረው ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ይወጣል፤ ያንን መድፋት ወይም መጠጣት ግድ ይሆናል። ያገለገለ የካፌ መፍጫ በርካሽ አግኝቻለሁ ብሎ ማዘር ሱፐር ጆሊ ሊሸጥልዎ የሚመጣ ቢኖር መፍጫው ጥሩ ነው፤ የእርስዎ ቤት ግን ቦታው አይደለም። ቀኑን ሙሉ ለሚፈጭ ባሪስታ፣ ለካፌ ቡና ሠሪ፣ የተሠራ ነው፤ ይገዝፋል፣ ይጮኻል፣ ቡናም ያስቀራል።

ሾጣጣ ጥርስ ይሻላል ወይስ ጠፍጣፋ የሚለውን ክርክር ለአሁኑ ይተዉት። ልዩነት አለ፤ ነገር ግን ቡናዎ ከተቆላ ሳምንት በመሆኑና ሦስት ወር በመሆኑ መካከል ያለው ልዩነት ከእርሱ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ የተቆላበት ቀን የተጻፈበትን ይግዙ፤ ከተቆላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያለው ጊዜ ለኤስፕሬሶ ምቹ ነው። ከዚያ በፊት ከፍሬው የሚወጣው ጋዝ ያስቸግራል።

ከበጀቱ ላይ ግን አስቀድመው ለአንድ ነገር ይቀንሱ፦ እስከ አንድ አሥረኛ ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን። ያለ ሚዛን ጥፋቱ ከመፍጫው ይሁን ከማንኪያው ማወቅ አይችሉም።

መፍጫው ቤት የገባ ዕለት ጠዋት እንዲህ ያድርጉ። መፍጫው ባዶ ሳለ ማስተካከያውን ቀስ እያሉ ያጥብቁት፤ እጀታው በራሱ መዞር እምቢ ያለበት ቦታ ዜሮዎ ነው። ከዚያ መመሪያው ለኤስፕሬሶ የሚለውን ያህል ርምጃ ወደ ኋላ ይመልሱ። 18 ግራም ፍሬ ይመዝኑ። ከመፍጨትዎ በፊት አንዲት ጠብታ ውሃ በጣትዎ ጫፍ ወይም በማንኪያ እጀታ ነክተው ፍሬውን አሹት። እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ምክንያት ግን አለው። ፍሬው ሲፈጭ በስታቲክ ኤሌክትሪክ ይሞላል፤ ዱቄቱ በመፍጫው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፣ እርስ በርሱም ይጓጉላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት ጥናት ይህ ሙሌት ከፍሬው እርጥበት ጋር እንደሚያያዝና ጥቂት ውሃ ሲጨመር እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንዲት ጠብታ ብቻ፤ ከዚያ በላይ ለጥርሱ ጥሩ አይደለም።

ፈጭተው ማጣሪያው ውስጥ ሲያደርጉት በቀጭን መርፌ ወይም በጥርስ መጎርጎሪያ እስከ ታች ቀስቀስ ያድርጉት፤ የጓጎለ አይቅር። ደልድለው ቀጥ አድርገው ይጠቅጥቁ። ስኒውን ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ፓምፑን ሲያስነሡ ሰዓት ይያዙ። ዝም የሚልባቸው ጥቂት ሰከንዶች አሉ፤ አይደንግጡ። ከዚያ ጥቁር ጠብታ ብቅ ትላለች፤ ጠብታዎቹ ይያያዙና ከማንኪያ ላይ እንደሚወርድ ማር ቀጭን ክር ይሆናሉ፤ ክሩ እየቆየ ከጥቁር ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ወርቃማ ይነጣል። ሚዛኑ 33 ወይም 34 ሲል ያቁሙት፤ የቀረችው በራሷ ትንጠባጠባለች።

የመጀመሪያው በ14 ሰከንድ ካለቀ አራት ርምጃ ያልሙት፣ ሌላ 18 ግራም ይፍጩ። 21 ሰከንድ ካለ ሁለት ርምጃ ይጨምሩ። 27 ላይ ሲደርስ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ማሽኑ ላይ ይለጥፉትና ይቅመሱ። አሁንም ከጎመዘዘ አንድ ርምጃ ያልሙ፤ ከመረረ አንድ ርምጃ ያገርድፉ። ሌላውን ሁሉ አይንኩ፤ ግራሙንም፣ አጠቃጠቁንም። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ከለወጡ የትኛው እንዳሻሻለው አያውቁም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ስኒዎች መባከናቸው አይቀርም፤ የአንድ ጠዋት ወጪ ነው። ከዚያ በኋላ ቡናው እያረጀ ሲሄድ በየጥቂት ቀኑ ትንሽ መፍጠን ይጀምራል፤ አንድ ርምጃ ማላም ይበቃዋል። የኤሌክትሪክ መፍጫ ከገዙ ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ወደ ልም ሲያዞሩ ሞተሩ እየሠራ ይሁን። በጥርሶቹ መካከል የተያዘ ቡና እያለ ሞተሩ ቆሞ ካጠበቁት ይቀረቀራል፤ ልኩም ይዛባል።

እንክብካቤው ብዙ አይደለም። በሳምንት አንዴ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት፤ ብረቱን በውሃ አይጠቡት፣ ይዝጋል። መፍጫ በሩዝ ይጸዳል የሚል ምክር ቢሰሙ አይቀበሉት፤ ሩዝ ከቡና ፍሬ ይጠነክራል፤ ዋስትናም ሊያሳጣዎ ይችላል። ፍሬውን ከመጨመርዎ በፊት በመዳፍዎ ዘርግተው አንዴ ይዩት። አንዲት ትንሽ ጠጠር ጥርሱን ልትሰብር ትችላለች።

አሮጌውን መፍጫ አይጣሉት። ለቅመማ ቅመም ይሁን፤ ለዚያ ሥራ እኩል መሆን አያስፈልግም፣ ስለቱም በደንብ ይቆራርጠዋል። አንድ ጊዜ ግን ቅርንፉድ ወይም ቁንዶ በርበሬ ከገባበት በኋላ ቡና አይመልሱበት፤ የቱንም ያህል ቢያጥቡት ሽታው ከፕላስቲክ ክዳኑ አይለቅም።